የሻለቃን ቤት አንድደህ የሞቅህ ዕለት

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሌላ አጀማመር አጥቼለት ነው። ታላቄ ነህና እስከ ዛሬ በፊትህ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን አንድም ሳላስቀር እነግርሃለሁ።

አባባ ሊሞት ሰሞን ውሻውን ሻለቃን አልጋው ሥር አስተኝቶ፣ «እናንተስ ሰዎች ናችሁ፣ ደርባችሁ ትለብሳላችሁ። ይሄን ሽማግሌ ብርድ እንዳይመታብኝ» ሲለን፣ «ግድ የለህም አባዬ፣ እኔ አለሁለት» ያልከው አንተ ነህ። ቤቱና ግቢው ለአንተ ደረሰ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ አከራዬም ውሻ አይወዱም።

«ቤት ውስጥ አላስገባም» ስትለኝ አልተከራከርኩህም። አናጢ አይደለሁ? የራሱን ቤት ሠራሁለት። ወለሉን ከመሬት አንድ ስንዝር አነሣሁት፤ ግድግዳውን በድርብ ጣውላ መታሁት፤ የገዛ ትንፋሹ እንዲያሞቀው ጣሪያውን ዝቅ አደረግሁት። ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቼ ጭድ ጎዘጎዝኩለት።

«ብርድ ልብስ አይሻለውም?» አልከኝ።

«ብርድ ልብስ እርጥበት ይዞ ይቀዘቅዛል። አንተ ብቻ ጭዱን በየሳምንቱ ቀይርለት።»

«እሺ፣ የውሻ ሚኒስትር!» ብለህ ሳቅህብኝ። እኔም ሞኟ አብሬህ ሳቅሁ።

ለሥራ ሦስት ሳምንት ሌላ ከተማ ቆይቼ ስመለስ፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በጠዋት ግቢህ መጣሁ። የሻለቃ ቤት የለም። ሻለቃ ከብረቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ጥቅልል ብሏል፤ ጢሙ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ የሳህኑ ውኃ ድንጋይ ሆኗል። ስጠራው ጭራውን ሊቆላልኝ ሞክሮ አቃተው።

«ቤቱስ?» አልኩህ።

«እንግዳ መጥቶብኝ ማገዶ አጥሮ ነበር። አይ፣ እንጨት መምረጥስ ታውቂበታለሽ፤ እንዴት ያለ ነደደ መሰለሽ!» አልከኝ፣ በረንዳህ ላይ ቆመህ ሻይህን ፉት እያልክ።

ሰንሰለቱን ፈትቼ ተሸክሜው ወጣሁ። የእንስሳት ሐኪሙ በውርጭ የሞተውን የሁለቱንም ጆሮዎቹን ጫፍ ቆረጠ። «ይሄ የበሽታ ሥራ አይደለም፣ የሰው ነው» አለና በወረቀት ጻፈልኝ። አከራዬ ደረጃው ላይ አገኙን። ፋሻውን አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ትንሽ ቆይተው አሮጌ ምንጣፍ ይዘው መጡ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሻለቃ በተራበበትም ጮኾልሃል። አንተ ግን እሱን ያስታወስከው፣ እኔ ከወሰድኩት በኋላ ሌባ አጥርህን ሲዘል ነው። ባለፈው እሑድ ልትወስደው መጥተህ፣ ታች በሩ ላይ ቆመህ ስትደውል ቆይተህ፣ «የለችም» ብለህ ተመለስህ። ነበርኩ። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነፋሱ ኮትህን ሲገልበው፣ እጅህን በትንፋሽህ ስታሞቅ፣ በስስ ጫማህ መሬቱን ስትደበድብ አርባ ደቂቃ ሙሉ አየሁህ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን የምጽፍልህ ተጸጽቼ እንዳይመስልህ።

ከዚያ አክስታችንን አማላጅ ላክህብኝ።

«ተይ ልጄ፣ ወንድምሽ ነው፣ ታረቂው። ሻለቃንም ተወልሽ፤ ሌላ ቡችላ አምጥቷል» አሉኝ።

«ቡችላውስ የት ነው የሚያድረው?»

አንገታቸውን ደፉ። በዚያው ምሰሶ ላይ መሆኑ ገባኝ። ሻለቃ ተነሥቶ ራሱን ጭናቸው ላይ ጣል አደረገ። የተቆረጠውን ጆሮ በጣታቸው ሲዳብሱ ሐኪሙ የጻፈውን ነገርኳቸው። «ወረቀቱን አምጪው» አሉኝ።

የሐኪሙን ወረቀት ከአቤቱታዬ ጋር ለከተማው የእንስሳት ጥበቃ ክፍል አስገብቻለሁ። ከሥሩ «ምስክር» በሚለው ቦታ ላይ የፈረሙት ያንተው አማላጅ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ከዚያው ክፍል ሁለት ሰዎች በርህን ያንኳኳሉ። ቡችላውን ወስደው ለአክስታችን ይሰጧቸዋል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ለአንተ ውሻ እንዳይሰጥህ፣ አንተን በሚያውቅ ሰው ሁሉ ጆሮ ይህን ታሪክ እጨምራለሁ።

ግቢው የአንተ ነው፤ ባዶውን ታቀፈው። ኮሽ ሲልብህም ራስህ ተነሥተህ ጩህ።

የአባባ ልጅ፣
አናጢዋ