ለየብቻ ግቡ አሉን

ውድ ዴኒታዬ፣

ይሄን የምጽፍልሽ ጃክሰን ከተማ፣ ሆቴል ሽንት ቤት ውስጥ በር ቆልፌ ነው። ጽሑፌ ካልተነበበልሽ ስደቢኝ እንጂ እንዳትጥይው፣ ቀኝ እጄ ስለማይሠራ በግራ ነው የምሞነጫጭረው። ያ የመስመሩ አለቃ ታኬት ውጪ ነው። የአክስቴ ቨርሊን መኪና ጋ ቆሞ የጎማ መፍቻ መዳፉ ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ በመስኮት አየሁት። አክስቴ የሆቴሉን ጥበቃ ልትጠራ ሄዳለች፣ "እኔ እስክመጣ ኢየሱስ ራሱ ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ" ብላኛለች። ስልክሽን ዘግተሻል፣ ያለኝ የሜምፊሷ ያክስታችን ልጅ አድራሻ ብቻ ነው፣ እሷ ታድርስልሽ።

ከዶሮ ፋብሪካው ከሄድሽ በኋላ የሆነውን አታውቂም። ያንቺን ግን እኛም አይተናል ዴኒታ፣ ማንም አላየኝም ብለሽ እንዳታስቢ። ክንፍ መቁረጫው ጋ ነበርኩ። ታኬት ሁለተኛ ጊዜ ሽንት ቤት ጠየቅሽ ብሎ ፀጉርሽን ጨምድዶ የበረዶው ገንዳ ውስጥ ከነዶሮው ሲደፍቅሽ፣ እግርሽ ሲራገጥ፣ አንዱ ቦቲሽ ወልቆ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ልሮጥ ስል አጠገቤ የምትቆርጠው ራሞና ወገቤን ይዛ "ቢላ ይዘሻል፣ ቢላ ይዘሽ ከሄድሽ እስር ቤት ነሽ" አለችኝ። ሲያወጣሽ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ ከጆሮሽ ደም ይወርዳል፣ እሱ እየሳቀ "አሁን በረድ አለልሽ? በይ ወደ ቢላሽ!" አለ። መስመሩ አልቆመም። ዶሮው ይመጣል፣ እኛም እንቆርጣለን። ማታውኑ አውቶቡስ ተሳፈርሽ፣ እኔንም ሳትሰናበቺኝ። ጠልቼሽ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አልጋሽ ላይ ተኝቼ እየሰደብኩሽ አለቀስኩ።

ፖሊስ ጋ ሄድን። ፖሊሱ የታኬት የአደን ጓደኛ ነው፣ "የፋብሪካ ነገር በፋብሪካ ያልቃል፣ ስትቀጠሩ ፈርማችሁ የለ?" አለን። ጠበቃ ጋ ሄድን። ጠበቃው ጥሩ ልጅ ነው፣ ሰምቶን ሰምቶን ራሱን ያዘ። "አብራችሁ መክሰስ ብትችሉ ነገውኑ እጀምርላችሁ ነበር" አለ። "ግን በፈረማችሁት ውል ፍርድ ቤት መሄድ የለም። በቡድን መክሰስም የለም። እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ የግልግል ዳኛ ፊት ነው የምትቀርቡት፣ በሩ ተዘግቶ። የአንዲት ሴት ጉዳይ ደግሞ የቤንዚን ወጪዬን እንኳ አይሸፍንም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

መቼ ነው የፈረምነው ብለን ተያየን። ትዝ ይልሻል? የተቀጠርን ቀን ነው'ኮ። የፀጉር መረብና ቦቲ ሰጥተውን፣ ከዛ ልጅቷ ታብሌት ይዛ "ጣትሽን እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም" ስትል፣ አንቺ "ሎተሪ ደረሰን እንዴ?" ብለሽ ሰልፉን ሁሉ ያሳቅሽው። እሱ ነው።

እና አክስቴ ቨርሊን አንድ ነገር አመጣች። መስመሩ ላይ አንዷ እጇ ከደነዘዘ ጎረቤቷ ዶሮዋን ትወስድላት የለ? አንቺ ስንቴ የኔን ወስደሻል። "ዱላችሁንም እንደዛው ስጡኝ" አለች። "እኔም እንደናንተ ፈርሜያለሁ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ካሉ እኔ እገባለሁ፣ የሁላችሁንም ይዤ። እኔ ስመሰክር ፓስተሩ እንኳ ሰዓቱን ማየት ይተዋል።" የሷ ነገር ደስ አለን። ታኬት እሷን ንክች አያደርጋትም፣ እናቱን አስታማ የቀበረችለት እሷ ናት፣ ሲያያት ኮፍያውን ያወልቃል። እሷ ካልፈራች ማን ይናገርልናል? ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ተሰብስበን፣ ካትፊሽ ዓሣ እየጠበስን፣ አንድ በአንድ ነገርናት። ራሞና በዶሮ ማንጠልጠያው ብረት የተመታችውን፣ እኔ የበላሁትን ጥፊ፣ ያንቺን ደግሞ እኔ። አክስቴ አይኗን ጨፍና እንደ መዝሙር ሸመደደችው። እንባዋ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ምጣዱ ይንጫጫ ነበር።

ያንን የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ያንን ባርኔጣ አድርጋ የግልግል ዳኛው ጋ ገባች። እኛ ኮሪደር ላይ ቀረን። የሆነውን ኋላ ነው የነገረችን። ያንቺንና የራሞናን ስም ጠርታ፣ ገንዳውንና ማንጠልጠያውን አንስታ ስትጀምር ዳኛው፣ ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩን አውልቆ አስቆማት።

"እሜቴ፣ እርሶን መትቶዎት ያውቃል?"

አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? ደረቷን ነፍታ፣ "እኔን? እኔንማ አይደፍርም!"

"እንግዲያው የእርሶ ጉዳይ እዚህ ላይ አበቃ።"

"የነዚህ ልጆችስ?"

"እነሱ ራሳቸው ይምጡ፣ ለየብቻ። የአንዷን ለሌላዋ መናገር አይቻልም።"

አየሽልኝ? ከሁላችን መርጠን የላክነው ያልተመታችውን ነው። ስትወጣ ባርኔጣዋ እጇ ላይ ነበር፣ ያን ቀን አረጀች። ታኬት ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ማን ምን እንዳለ በጆሮው ሰምቷል።

በነጋታው መጣብን። ራሞናን "ማንጠልጠያ አልሽ አሉ? ይሄ ነው?" ብሎ በዛው ብረት አፏን መታት፣ ጥርሷ ዶሮው ላይ ወደቀ። ዴኒታ፣ ጥርሷ ከዶሮው ጋር በመስመሩ ሲሄድ አየሁት። ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ስድብ ይመስለኛል። ጎትቶኝ ማቀዝቀዣው ክፍል ወሰደኝ፣ እጄን የበሩ ጉበን ላይ አስቀመጠና ያንን የብረት በር ዘጋው። ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። አጥንት ሲሰበር እንደ ዶሮ ነው ድምፁ፣ እኛ እናውቀዋለን። ከዛ ውሃ መርጫውን ወረወረልኝና "ደምሽን እጠቢ፣ ዕቃ ታበላሺያለሽ" አለኝ።

ሁለት ጣቶቼ አይታጠፉም አሁን።

ተራዬ ዛሬ ነበር፣ እዚሁ ሆቴል ስብሰባ ክፍል ውስጥ። መግባቱን አልፈለኩም፣ አክስቴን "የኔንም አንቺ በይልኝ" ብያት ነበር፣ በፍርሃት ዘንግቼው። እሷም ጉንጬን ይዛ "ዶሮ አይደለም የኔ ልጅ፣ ይሄን የሚወስድልሽ የለም" አለች። ገባሁ። ትልቅ ጠረጴዛ፣ ባንድ ወገን ዳኛው፣ ባንድ ወገን የድርጅቱ ጠበቃ፣ የምታምር ሴትዮ ናት፣ ሽቶዋ ደስ ይላል፣ አጠገቧ እሱ። በሩን ዘጉት። ሲዘጉት ወንበሬ ላይ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር፣ የበር ድምፅ አልችልም።

ተናገርኩ። ስለ ራሞና ስጀምር ጠበቃዋ "የራስዎን ብቻ" ትላለች። ስላንቺ ስጀምር "የራስዎን ብቻ።" እሺ አልኩ፣ የራሴን ብቻ። እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "በሩ ነፋስ ገፍቶት ሊሆን አይችልም?" አለችኝ። "ነፋስ ሁለት ጊዜ አይከፍትም እመቤቴ" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ከዛ እሱን አየሁት፣ ከገባሁ ጀምሮ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር፣ "ካልሆነ እሱ ተነስቶ ያሳየን፣ እሱ ያውቀዋል" አልኩ።

ያ ነው ያቃጠለው። ብድግ አለ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ የውሃው ጆግ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ፣ ጠበቃዋ "ሚስተር ታኬት! ሚስተር ታኬት!" እያለች እጅጌውን ስትይዘው ገፈተራት። በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሸሚዜን ያዘና ፊቱን ፊቴ ላይ አድርጎ፣

"ይቺ ሸርሙጣ! ጥፋቴ እህትሽን ማውጣቴ ነው! በረዶው ውስጥ ትንሽ ባቆያት ኖሮ አንቺም አርፈሽ ትቆርጪ ነበር!"

እንደዛ አለ። በራሱ አፍ። ሁሉም ሰማ። ዳኛው ቀጥ ብሎ ቀረ። አለቀ አልኩ፣ ተገላገልን አልኩ፣ ላንቺ ጮክ ብዬ ልነግርሽ ፈለኩ። ጠበቃዋ ፀጉሯን እየሰበሰበች "ያ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው፣ ከመዝገቡ ይውጣልን" አለች።

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። ከዛ ቀስ ብሎ፣ አይኑን ከኔ እያሸሸ፣ "ልክ ናት። አንቺን የሚነካው ይመዘገባል። ስለ እህትሽ ያለው ይሰረዛል። እህትሽ እዚህ የለችም" አለኝ።

የለችም! ገንዳው ውስጥ የነበርሽው አንቺ፣ የሌለሽው አንቺ።

ለኔ ምን እንደሚፈርድ አላውቅም፣ በደብዳቤ ይልካል አሉ፣ የላከውንም ለማንም እንዳልናገር ውሉ ይከለክላል አሉ። ስለዚህ እሱን አትጠይቂኝ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። አመልካች ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አለበት ብሎኛል ጠበቃው፣ አንቺ ገንዳው ውስጥ የገባሽው በነፃነት በዓሉ ርችት ሰሞን ነው፣ ዓመቱ ሊሞላ ደርሷል። ዳኛው የሰማውን ሰምቷል፣ ከወረቀት ቢሰርዘውም ከጆሮው አይሰርዘውም። ግን ያ ቃል ባለቤት የለውም። አክስቴ ልታነሳው አትችልም፣ እኔ አልችልም፣ ራሞና አትችልም። ያንቺ ብቻ ነው።

እንደምትፈሪ አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነው እዚህ በር ቆልፌ የተቀመጥኩት። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይሮጣል፣ ጩኸት አለ፣ መስታወት ተሰበረ፣ የመኪናው ይመስለኛል። አሁን አክስቴ ስትሳደብ ይሰማኛል፣ "እናትህን በእነዚህ እጆቼ ነው ያጠብኳት፣ አንተ ውሻ!" እያለች ነው፣ ጥበቃዎቹም አብረዋት አሉ መሰለኝ። ወደኔ እየመጡ ነው። ፖስታውን የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ትልክልኛለች፣ ምላለች።

ነይ ዴኒታ። አብሬሽ መግባት አይፈቀድልኝም። እስከ በሩ ድረስ ግን እጅሽን ይዤ እመጣለሁ፣ ስትገቢም ከበሩ ስር ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ እስክትወጪ አልነሳም። እሱን የሚከለክል ነገር አልፈረምንም።

የምትወድሽ እህትሽ
ኪያራ