ያለ መስመር አንድ ቀን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 11 ሰዓት።

አቤት የምለው ላንተ ነው፣ ደብተሬ። የቆሮሶ ዓሣ አጥንት ጥርሴ መሃል ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። ዓሣ ሻጯ አንድ አጥንት አልቀረም ብላ ምላልኝ ነበር። በስንጥር ሞከርሁ። በሽቦ ሞከርሁ። ሠላሳ ዓመት የተቃጠለ የውኃ ሞተር እየፈታሁ፣ ሽቦውን መልሼ ስጠመጥም የኖርሁ ሰው በአንዲት አጥንት ተሸነፍሁ። በሰፈራችን በሹም አቦ ከዚህ የከፋ በደል አልተሰማም።

ይልቅ ወሬ አለ። የዝና፣ የእህቴ ልጅ፣ ወፍራም ፋይል ታቅፋ ገባች። የምትሠራበት መ/ቤት የኤሌክትሪክ ገበያ አስተናባሪ ነው። ኃይል የሚያመነጩት ወዲህ፣ በጅምላ የሚገዙት ወዲያ፤ እነሱ መሃል ተቀምጠው ማን፣ መቼ፣ በስንት የሚለውን ያስማማሉ። ከላያቸው ሰባት ሰው ያለበት ቦርድ አለ። በሚመጣው ሳምንት ከአዲስ አበባ መጥቶ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል ይሰበሰባል። የሰባቱን የሥራ ታሪክ በትንሽ መጽሔት አሰናድታ እንድታሳትም ለሷ ሰጧት። የሙከራ ጊዜዋ በዚሁ ወር ያልቃል። ካማረ ቋሚ ትሆናለች። ካላማረ ስንብት።

አማርኛውን እንዳርምላት ለመነችኝ። እኔን፣ ሰባተኛ ክፍል ያልጨረስሁትን። ደስ አለኝ፤ አላሳየሁም። ጊዜ የለኝም፣ እንግዲህ እናያለን አልሁ። ፋይሉን ከእጇ ነጥቄ።

ማክሰኞ፣ ጥ. 4። ጠዋት 3 ሰዓት።

ሳቅ ሊገድለኝ ነው። ሰብሳቢው ዕድሜ ልካቸውን ሆስፒታል ያስተዳደሩ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ይሁን። ምክትላቸው የእንስሳት ሐኪም። ገበያ ሲባል የከብት መስሏቸው ይሆናል። ትራንስፎርመሩን አፉን ፈልቅቀው፣ ጥርሱን አይተው ዕድሜውን ይነግሩናል። አንዲት የሕግ ባለሙያ አሉ፤ ፎቷቸው ላይ እንኳ ይግባኝ የማይሰሙ ይመስላሉ። አንዱ ከኢንሹራንስ፣ አንዱ ከግብር፣ አንዱ የምጣኔ ሀብት መምህር። የእያንዳንዱን አነጋገር እየፈጠርሁ ለየዝና አስመሰልሁላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ አያ፣ ሥራዬን አለች።

ሰባተኛው ኢ/ር ሙላት ይባላሉ። በኮምፒውተር የተጻፈው ማጠቃለያቸው ሦስት ነገር ብቻ ይላል። ክፍል ኃላፊ፣ ዳይሬክተር፣ ቦርድ። ከዚያ በፊት ባዶ። ሰውየው ከሰማይ ዱብ ብለው ወንበር ላይ። ያመመኝን ልንገርህ። ጎረምሳ ሳለሁ ለመብራት ሥራ ተወዳድሬ፣ የተበላሸውን ሞተር ፈታኞቹ ዓይን ሥር አስነሥቼ፣ ወረቀት የለህም ብሎ የመለሰኝ አንድ ኢ/ር ነበር። እኚህ አይደሉም። ግን ኢ/ር ናቸው፤ ይበቃል።

ከማጠቃለያው ግርጌ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ፦ «ኢ/ር ሙላት ያለ መስመር አንድ ቀን ውለው አያውቁም።»

አየህልኝ? ላዩ ምስጋና ነው፤ ከኤሌክትሪክ መስመር የማይለዩ ትጉህ ሰው። ውስጡ ሌላ ነው፤ መስመር ማለት የሚያውቁት ባለሥልጣን፣ ጉዳይ ሲሰናከል የሚደወልለት ዘመድ። ያለሱ አንድ ቀን አይውሉም። የዝና ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሁሉም ይቺ አማረች አለች። ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ሰሙን ልሳ ወርቁን ጣለችው። አልነገርኋትም። ብነግራት ትሰርዛት ነበር።

ዓርብ፣ ጥ. 7። ከቀኑ 10 ሰዓት።

አለቃዋ አነበበው። የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ አማርኛሽ ወርቅ ነው አላት። ወርቅ! ሱቄ ባንኮኒ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። ምን ያስቅሃል ያለኝ ደንበኛ የተቃጠለ ሞተር ይዞ ቆሟል፤ ሞተርህ ነው የሚያስቀኝ አልሁት። ከፋው።

ረቂቁ ዓባይ ማዶ ማተሚያ ቤት ገብቷል። የዝና አጎቴ ነው ያረመልኝ ብዬ ልንገራቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክብሩ ላንቺ ይሁን አልሁ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ራሴን ደግ ሰው ብዬ ገበታ ላይ ተቀመጥሁ።

ረቡዕ፣ ጥ. 12። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል።

የዝና ቀድማ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነገረችኝ። መድረክ መሪው ከመጽሔቱ እያነበበ ቦርዱን ሲያስተዋውቅ ስድስቱ በጭብጨባ አለፉ። ሰባተኛው ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። የአዲስ አበባዎቹ አጨበጨቡ። ለቡራኬ የተጠሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ ከደሴት ገዳም የመጡ። መጀመሪያ የሳቸው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ አስተናጋጆቹ። ቀጥሎ የኋላው ወንበር በሙሉ። ጎጃም ላይ ቅኔ በጭብጨባ አይሸፈንም። ሰብሳቢው ምን ተባለ ብለው ጠየቁ፤ አንዱ በጆሯቸው ፈታላቸው። ከዚያ እሳቸውም ሳቁ።

እዚህ ጋ እኔ በሳቅ ግድግዳ ይዤ ነበር። እንባዬ ወረደ። መሪጌታው እንዴት እንደተንቀጠቀጡ ድገሚልኝ አልኋት። አልደገመችም። ቀና ስል ፊቷ እንደ ነጠላ ነጥቷል። ሰውየውስ ምን አሉ አልሁ። ብርጭቆውን በግራ እጃቸው አንሥተው ውኃ ጠጡ። ማን ጻፈው ተብሎ ሲጠየቅ እኔ ነኝ ብላለች።

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ሰውየው በእጃቸው የሞሉት ቅጽ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ከማጠቃለያው ሥር ተያይዞ የነበረ።

«አያ፣ ጀርባውን አልገለጡትም?»

አልገለጥሁትም። አሁን ገለጥሁት። አሥራ አንድ ዓመት የመስመር ሠራተኛ። መጀመሪያ መሰላል ተሸካሚ፣ ኋላ ምሰሶ ላይ የሚወጣ። የሥራ አደጋ፤ የቀኝ እጅ ሦስት ጣት። የማታ ትምህርት። ዲግሪ በአርባ አራት ዓመት። ጽሕፈቱ የሕፃን ይመስላል። በግራ እጅ እንደ አዲስ የተማሩት ነው።

ከሰባቱ ሽቦ ነክቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። እሱን መረጥሁ።

ሐሙስ፣ ጥ. 13። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ጠዋት ሻይ ላይ ላስቃት ሞከርሁ። ሥራ ብታጪ እኔ ዘንድ ሞተር ትጠመጥሚያለሽ፣ ጣትሽ ቀጭን ነው፣ ደግሞም አሥሩም አለ አልኋት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ኩባያዋን አስቀምጣ ወጣች።

ሰው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የሚያውቀው ሲቀልድ ነው፣ ደብተሬ። አንተ ሆድህ ሰፊ ነው፤ ዋጠው።

መ/ቤት ወ/ሪት መስመር ይሏታል። ጥበቃው ሳይቀር። ቦርሳዋን ሲፈትሽ መስመርሽን አሳዪኝ ብሏታል፤ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። በኔ ዓረፍተ ነገር ነው የሚስቁባት። ከሰዓት ደብዳቤ ደረሳት። ውሏ የማይቋረጥበት ምክንያት ካለ እስከ ሰኞ በጽሑፍ ታስረዳ።

ቅዳሜ፣ ጥ. 15። ከቀኑ 6 ሰዓት።

መልሷን ጽፋ ጠረጴዛ ላይ ትታ ገበያ ሄደች። አነበብሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቃሉን ሌላ ትርጉም ሳላስተውል ጻፍሁ፤ ማንም አላገዘኝም፤ ኢ/ር ሙላትን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ገጽ። ስሜ የለበትም።

ምን አደረግሁ መሰለህ? «ሀይል» ብላ የጻፈችውን «ኃይል» ብዬ አረምሁላት። ሌላ ምንም። ወረቀቱን እንደነበረ መልሼ አስቀመጥሁት።

ለምን ዝም እንደምል አውቃለሁ። ብሄድ የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። ስም። የትምህርት ደረጃ። የሥራ ልምድ፣ በየትኛው ተቋም። ያን ጥያቄ ዕድሜዬን በሙሉ በቀልድ ሳመልጠው ኖሬያለሁ። ከዘንዘልማ ገጠር ሞተር ጭኖ የሚመጣውን ገበሬ በር ላይ አስቀዋለሁ፤ የሚያስቅ ሰው ወረቀት አይጠየቅም። የሰባት ሰው ታሪክ ሳብጠለጥል የፈራሁት የራሴን ቅጽ ነው። ለዚያች ባዶ መስመር ስል ልጂቱን እያስበላሁ ነው።

ተመልሳ ስትመጣ እርማቱን አየችው። እናመሰግናለን አያ አለች። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥ. 16። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ይጻፍ። ነገ ጠዋት ከየዝና ጋር እሄዳለሁ። ደብዳቤዋ ከመግባቱ በፊት አለቃዋ ፊት እቆማለሁ። ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነው፣ ልጂቱ ምኑንም አታውቅም እላለሁ። የት ተማርህ ካሉኝ ከተቃጠለ ሽቦ እላለሁ። እዚህ ጋ አንድ ቀልድ ጨምሬ ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ነው። ሰረዝሁት። ከዚያ ሌላ ጨመርሁ። እሱንም ሰረዝሁት። ኮቴን አውጥቼ አንጠልጥያለሁ። ለየዝና ገና አልነገርኋትም፤ ብነግራት ትከለክለኛለች።

የግቢው በር ተንኳኳ። የዝና ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እሷ ሄደች። ሞተር የተቃጠለበት ሰው ይሆናል። በእሑድ።

አይደለም። ድምፁ እርጋታ አለው፤ ቤቶች እንደምን ዋላችሁ ይላል። በመስኮት አየሁ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ለሰላምታ ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። ስብሰባው ካለቀ ቀናት አልፈዋል፤ ከከተማው አልወጡም ማለት ነው። የዝና ጎንበስ አለች፤ ክንዷን ይዘው ቀና አደረጓት። ኢ/ር ሙላት ናቸው። እዚህ፣ ግቢዬ በር ላይ።

«አንቺ አይደለሽም» ይሏታል። «እሱ የሽቦ ሰው ቀልድ ነው። ምሰሶ ላይ ሆነን እንዲህ ነበር የምንሰዳደብ። የጻፈውን ሰው አሳዪኝ።»

እኔው ነኝ አለች፣ እንደገና። አጎትሽ ሞተር ይጠመጥማሉ ብለው ነገሩኝ፣ የሉም ወይ አሏት። ወደ መስኮቱ አልዞረችም። እንደማያት ግን ታውቃለች።

«የሉም፤ ወጥተዋል» አለች።

እሺ አሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ የደከማቸው ነው የሚመስሉ። በሩን እየሳበችው ነው። አለሁ፣ ደብተሬ። አለሁ ልበል፤ ይኸው ተነሣሁ፤ ብዕሩን