ውሃ ከሰማይ አልመጣም

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት 1፡30

ትናንትም ያው ቋጠሮ፣ ደብተሬ! ስድስተኛ እሑድ። ጎልቦ ቆላ ወረድኩ፤ ለመለኪያ የቋጠርኩትን ገመዴን የከብት አርቢው የኦቦ ጉዮ ኤላ ውስጥ ለቀቅኩ። (ጥልቁን የከብት ጉድጓድ ኤላ ይሉታል።) ውሃው አምስተኛው ቋጠሮ ላይ። ንቅንቅ የለም። ዝናብ ካየን ወራት አልፏል፣ የአካባቢው ኩሬ ሁሉ ተሰነጣጥቋል፤ የሳቸው ግን ጥርት ብሎ ይጠብቀኛል። ከየት መጣ? ከታች! ምድር ራሷ ታመነጨዋለች።

ሊቃውንቱ ውሃችን በጅራታም ኮከብና በሰማይ ድንጋይ ተጭኖ መጣ ይላሉ። ማን ጫነው? ማን አራገፈው? ዓለምም ከአንዲት ነጥብ ፈንድታ ተገኘች ይሉሃል። ሃያ ዓመት ፓምፕ ጠግኛለሁ። ፈንድቶ የተበላሸ እንጂ ፈንድቶ የተሠራ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ልጄ ሳራ ምሳ ላይ ሳቀችብኝ። ሃይስኩል ሳይንስ ታስተምራለች። ውሃው ከጥንትም ምድር ውስጥ ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ ክርክሩ አልተዘጋም አለች። (አየህ!) ግን አንድ ጉድጓድ ለዓለም አይመሰክርም፤ ደግሞ የምትለካው እሑድ እሑድ ብቻ ነው አለችኝ። ተናደድኩ። ሌላው ቀን ሱቅ አለብኝ። ዋልዳ ካምፕ በስደት ለአንድ ጀሪካን ግማሽ ቀን የተሰለፍኩ ሰው ስለ ውሃ ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። አኩርፌ ወጣሁ፣ ሻዬንም አልጨረስኩ።

እሑድ፣ ጥር 24። ከሰዓት 11፡00

ሰባተኛ። አምስተኛው ቋጠሮ!

ኦቦ ጉዮ ዛሬ ቁም ነገር ጠየቁኝ። ጎረቤቶቻቸው ከብታቸውን ይዘው ውሃ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። እሳቸው ይሂዱ ወይስ ይቆዩ? ከብቶቹ መንገድ የሚችሉት አሁን ነው፤ ከሰነበቱ ጉልበት አይኖራቸውም። ይቆዩ አልኳቸው። ውሃዎ አይጎድልም፣ በኔ ይሁን። እጄን ጥብቅ አድርገው ጨበጡ። ፉንዲ ካለ አለቀ አሉ። እዚህ ባለሙያን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ደስ አለኝ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ። መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 29። ጠዋት 4፡00

የኦቦ ጉዮ ባለቤት ቱሜ ሱቅ መጥታ ነበር። ነበር አልኩ? አሁንም አለች። ረጅም ገመድ ፈለገች። የድሮው ውሃው ዘንድ አይደርስም አለች። ሳቅኩ። እሑድ እኮ ለካሁት፣ አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ነው አልኳት። እሷም ሳቀች።

«ፉንዲ፣ አንተ ኬሱማ ነህ» አለችኝ። እንግዳ ማለቷ ነው። «እንግዳ ጭቃ ያያል እንዴ? አንተ ስትመጣ ከብት አናጠጣም። ይሞላል፣ ይጠራል፣ ትመጣለህ።»

ስንት ቀን? አልኳት። መጀመሪያ ቅዳሜን ብቻ መከልከል ይበቃ ነበር አለች። አሁን የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው፤ ከሐሙስ ጀምረው ይከለክላሉ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ይጠጣሉ፣ በሁለተኛው ቀን ያልቃል።

«ትናንት ጀመርን» አለች። «ከብቶቹ ይችላሉ። ላንተ ነው።»

አፈርኩ። ሰባት እሑድ የለካሁት ምድር ያመነጨችውን አይደለም፣ ከብት የተከለከለውን ነው። በዚያ ላይ ይቆዩ ብያለሁ። ሳራ ትስቃለች፣ ትሳቅ። የሰማዩን ድንጋይ ዛሬም አላምንም፣ ጨርሶ! እሱን በሌላ ጊዜ እከራከርበታለሁ።

እሑድን አልጠብቅም። ሱቁን ዘጋሁ። ቦዳቦዳ ጠርቻለሁ፣ ሞተሩ ደጅ እያጓራ ነው፤ ቱሜ ምን ትጽፋለህ እያለች ነው። ዛሬውኑ አጠጡ፣ ነገ በማለዳ ተነሱ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ። የምፈራው እንዳይቆጡኝ ነው፤ እንግዳ ነው ብለው ዝም እንዳይሉኝ።