ዝይ ለሌለበት የዝይ ሐይቅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዮፍታሔ
የጨፌዎችና የመናፈሻዎች ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በቅርቡ ለተለወጠልዎት የቢሮ ወንበር ጤንነትንና ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። ምናልባት ካላስታወሱኝ ሙኒያ ያሕያ እባላለሁ። ከእንጦጦ ሥር ባለው ጨፌ የሚኖሩትን የውሃ ወፎች አጥንቼ ጨፌው እንዴት ቢያዝ እንደሚሻል እንድመክር ጽሕፈት ቤትዎ የቀጠረኝ፣ የአዲሱ ገበያው ባለሱቅ ልጅ ነኝ። ምክሬን ተቀብለው ስላደረጉት ሁሉ ላመሰግንዎት ብዕር አንሥቻለሁ፤ ምስጋናው ብዙ በመሆኑም እንዳይደባለቅብዎት በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር እንዳነበቡት ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ መኖሪያው የእኛው ደጋ ብቻ እንደሆነ፣ ቁጥሩ እየተመናመነ እንደመጣና በጨፌያችንም አንድ ጥንድ ብቻ እንደቀረ ጽፌ ነበር። ይህ ወፍ የውሃ ወፍ ይባል እንጂ ውሎው ሣር ላይ ነው፤ ከውሃው ዳር ይግጣል፣ ቄጠማ ውስጥ ዕንቁላሉን ይጥላል፣ ጥልቅ ውሃ ብዙም አይሻም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነበረች፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ፣ ጥንዶቹ ዕንቁላል የሚጥሉበትን የላይኛውን ዳር ማንም አይንካው።

ይህን ምክር የሰማ አንድ ሰው ነበር። እሳቸውም ከጨፌው ቄጠማ እያጨዱ ለበዓል የሚሸጡት እትዬ ጽጌረዳ ናቸው። መጀመሪያ ስለምናቸው፣ “ልጄ፣ አንቺ ወፍ ታያለሽ፣ እኔ ልጆች አሳድጋለሁ። ትቼው ምን ልብላ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሬን ሰጠኋቸው። ዝይዋ ከቄጠማው መሃል አንገቷን ብቅ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እትዬ ጽጌረዳ ብዙ ቆይተው መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ፣ “ታቅፋለች’ኮ” አሉ። ከዚያ ወዲያ ማጭዳቸው ወደ ላይኛው ዳር አልተሻገረም። ለቀዳም ሥዑር እንኳ፣ ሌላው ሸክም ሸክም ቄጠማ ይዞ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ፣ እሳቸው አንዲት ትንሽ እስር ሸጠው በጊዜ ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኤክስካቫተሩ አመሰግናለሁ። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወደ ጨፌው ብወርድ፣ “የዝይ ሐይቅ” ሊሆን መሃሉ እየተቆፈረ ደረስኩ። ሮጬ ከክቡርነትዎ ዘንድ ቀርቤ ዝይዋ ዕንቁላል እንደታቀፈች ባመለክት፣ ትከሻዬን በአባታዊ ርኅራኄ መታ መታ አድርገው፣ “ሙኒያ፣ ወፍ የሚወደው ውሃ አይደል? ይኸው ውሃ ጨመርንላት!” አሉኝ። ሁለት ክረምት ጭቃ ውስጥ የለፋሁበትን ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ስለጨረሱልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎት? የላይኛው ዳር ግን ገና አልተነካም ነበርና፣ እኔም በሞኝነቴ ተስፋ አደረግሁ።

ሦስተኛ፣ ለምረቃው ዕለት ስለተጎዘጎዘው ቄጠማ አመሰግናለሁ። ለእንግዶች መረገጫ የሚሆን ለምለም ቄጠማ ይቅረብ ተብሎ ከቢሮዎ ትእዛዝ በወጣ ጊዜ መጀመሪያ የተጠየቁት እትዬ ጽጌረዳ ነበሩ። “እዚያ ያቀፈች አለች፣ እኔ እጄን አላነሣባትም” ብለው እንቢ ቢሉ ሌሎች አጫጆች መጡ፤ የላይኛው ዳርም በአንድ ማለዳ ተላጨ። ዝይዋ ከእግራቸው ሥር ተነሥታ በረረች። ተባዕቱም ተከተላት። እትዬ ጽጌረዳ ሳይረገጡ የተረፉትን ዕንቁላሎች በነጠላቸው ቋጥረው ወደ ቤታቸው ይዘው ሄዱ።

በምረቃው ላይ ሐይቁ ባዶ እንዳይመስል ከገበያ ተገዝተው የተለቀቁት ነጫጭ ዳክዬዎች እጅግ ያምሩ ነበር። ክቡርነትዎም “በጥናት ላይ የተመሠረተ” የሚለውን፣ ስሜ በትልቁ የተጻፈበትን ሰሌዳ ገልጠው፣ የምስክር ወረቀት ሊሸልሙኝ ወደ መድረኩ ጠሩኝ። ስወጣ እግሬ የረገጠውን ለምለም ነገር አወቅሁት። ንግግር ሲጠበቅብኝ ወረቀቱንም ሳልቀበል ተመልሼ ወረድኩ። “ልጅቷን ደስታ አሸንፏት ነው” ብለው ለእንግዶቹ ስላስረዱልኝ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። እትዬ ጽጌረዳ ዕንቁላሎቹን ቤት ውስጥ ላቀፈች ዶሯቸው አስታቅፈዋቸው ነበር፤ ደግ ዶሮ ናት፣ ተቀበለቻቸው። ነገር ግን የዝይ ዕንቁላል ለመፈልፈል ከዶሮ ዕንቁላል ይልቅ ይዘገያል። የራሷ ጫጩቶች ተፈልፍለው ሲወጡ እነሱን አስከትላ ወደ ግቢ ወጣች፣ የቀሩትም ያለ ሙቀት አደሩ። ተጠርቼ ስደርስ እትዬ ጽጌረዳ አንዱን ዕንቁላል ከጆሯቸው አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። ሌላውንም አነሡ። ሁሉንም እንዲሁ ካዳመጡ በኋላ፣ “በቃ” አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸው እኔን አምነው የበዓል ገበያቸውን ትተዋል፤ እኔ ክቡርነትዎን አምኜ ነበር።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሜን ከሰሌዳው ላይ ያንሡልኝ። ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍር የክቡርነትዎን ስም ቢያስገቡበት ሥራው ከሠሪው ጋር ይገናኛል።

ለውሃ ወፎች ባለዎት ፍቅር እየተደነቅሁ፣ ፍቅርዎ ወደ ሌሎች ፍጥረታት ሳይዛመት ክቡርነትዎ የሚገባዎትን ዕረፍት እንዲያገኙ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በበለጠ ድካም እጅ የምነሣ፣

ሙኒያ ያሕያ
ከጉለሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ጸሐፊዎ ደውላልኝ፣ ዝይዎቹ ከሐይቁ ስለጠፉ ወዴት እንደሄዱ እንድጠቁምና እዚያም እንዲለማላቸው መፈለግዎን ነገረችኝ። ትናንት ማለዳ ከእትዬ ጽጌረዳ ጋር ሆነን አይተናቸዋል። ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ሣር ይግጣሉ። የት እንደሆነ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አልነግርዎትም።