ጀሶ ያልደረሳቸው ሁለት መስመሮች

ሰኞ

ዛሬም ኦቾሎኒውን አልነቀልንም። ባለመሬቱ አም ኢድሪስ (አም ማለት አጎት ነው) አፈሩ ገና እርጥብ ነው አለ። የእሱ ግማሽ ከጉልበት በላይ ለምልሟል፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያደንቅለታል። የእኔው አጠር ብሎ ገርጥቷል።

እዚህ ሱዳን፣ ከካላክላ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነን። መሬቱ የእሱ፣ ጉልበቱ የእኔ። ዘንድሮ ማዳበሪያው ላይ ስላልተስማማን ኦቾሎኒውን ለሁለት ከፈልነው። እሱ ዩሪያ ብቻ ጨመረ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ ስዘራ ፎስፌት፣ አበባ ሲያወጣ ደግሞ ጀሶ። ይህን የነገረችኝ ኡስታዛ ነጅዋ ናት። አል-ጣኢፍ ሰፈር እሷ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኮሌጅ ውስጥ ስለ አፈር ታስተምራለች። ኦቾሎኒ ናይትሮጂኑን ራሱ ከአየር ያገኛል፣ ፍሬው እንዲሞላ የሚፈልገው ካልሲየም ነው ትለኝ ነበር፣ እኔ ሰሃን እያጠብኩ።

የእኔ ካልበለጠ ለከርሞ መሬቱ ሁሉ በርሲም ይዘራበታል፣ የከብት መኖ። ቁርጡን ነግሮኛል። ያኔ ተመልሼ ሰው ቤት መግባቴ ነው።

አንድ የደበቅኩት ነገር አለ። ጀሶው መጨረሻ ላይ አልቆብኝ ሁለት መስመር ሳይደርሰው ቀረ። አፍሬ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

ነቀልን!

በእሱ ጀመርን። ያ ሁሉ ቅጠል ሲነሳ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው ጥቂት ነው። አንዱን ጫን ሲለው ቀፎ ሆኖ ተሰነጠቀ። አምስት ከፈተ፤ ሦስቱ ባዶ፣ ሁለቱ ጭምትርትር ያለ ፍሬ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አሳዘነኝ። ሽማግሌ ሰው፣ በገዛ መሬቱ።

ቀጥሎ የእኔ። የመጀመሪያውን ስስበው ከብዶ እምቢ አለኝ። ሲወጣ ሥሩን ቅርፊት ሸፍኖታል። ከፈትኩት፤ ፍሬው ቅርፊቱን ሞልቶ ተጣቧል። ሌላ ከፈትኩ፣ ሌላም። ስንቱን እንደበላሁ አላውቅም፣ ጥሬውን።

አም ኢድሪስ እስከ ዳር ሄደና ጀሶ ካልደረሳቸው ከሁለቱ መስመሮች ነቀለ። ከዚያ ጠራኝ።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እዚህ ምን አድርገሽ ነው?»

ቅርፊቱ እንደ ሌላው ብዙ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ። እውነቱን ነገርኩት፤ ጀሶው አልቆብኝ ነበር አልኩ። ቁጢጥ ብሎ ከዚያም ከዚህም እየከፈተ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳቀ።

«የሞላውን ሳይ ጥሩው መሬት ደርሶሽ ነው ብዬ ነበር» አለኝ። «እዚያው መሬት ላይ ጀሶ የቀረበት ባዶ ሆነ፤ ያሳመነኝ ይሄ ባዶው ነው።»

ሁለት ወር የደበቅኩት!

ረቡዕ

ወገቤ ተቆረጠ። ሥሩን ወደ ላይ ገልብጠን ፀሐይ ላይ አሰጣን፤ እርጥበት ከያዘው ይሻግታል። አም ኢድሪስ ሳልጠይቀው የእኔን አስቀድሞ ገለበጠ።

ኡስታዛ ደወለች። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ሰንጥቂያቸው አለችኝ። ውስጣቸው ቀይ ነው አልኳት። ናይትሮጂኑን ከአየር እየያዙ ነው ማለት ነው ብላ እልል አለች፣ የሱዳን እልልታ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።

ሐሙስ

ገና በደንብ ባይደርቅም ለመቅመሻ የሚሆን ፈለፈልኩና በራክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ካላክላ ገበያ ወጣሁ። ሐጃ ቡሰይና እዚያ ደኳ ትፈጫለች፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት የእኔን ድርሻ ጭምትርትርና መራራ ነው ብላ መልሳብኛለች። ዛሬ ቆላች፣ አሸች፣ ፈጨች። ዘይቱ በራሱ ጊዜ ከላይ ወጣ። በጣቷ ቀመሰችና ጎረቤቷን ጠርታ አቀመሰቻት። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ያለሽን ሁሉ አምጪልኝ፣ ለሌላ እንዳታሳዪ አለችኝ።

ስመለስ ራክሻው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሹፌሩም ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀ።

ዓርብ

አም ኢድሪስ ከጁምዓ ሰላት በቀጥታ ወደ ማሳው መጣ፣ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ። በርሲሙ ይቅር አለ። መሬቱ በሙሉ ኦቾሎኒ ይሁን፣ ምን እንደሚጨመርበት የምትወስኚው አንቺ ነሽ አለኝ።

ቶሎ እሺ አላልኩም። መጀመሪያ ኡስታዛ አፈሩን ከየቦታው ታስመርምርልን፤ ለአንዱ ዳር የሚስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል አልኩት። ተስማማ። እንደውም ባሚያውስ ጀሶ አይወድም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ እውነትም አላውቅም።

እሱ ከሄደ በኋላ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። እንዲህ ሰፊ መስሎኝ አያውቅም። እችለው ይሆን? ፈራሁ፣ ግን ደስ የሚል ፍርሃት ነው። ኢንሻአላህ። ነገ ለዘር የሚሆኑትን ትልልቆቹን ለይቼ አስቀምጣለሁ።