የእማማ አልጣሽ ቁርባን

ኅዳር 21፣ እሑድ ጠዋት

ፋሻ እየቀቀልኩ ነው። ከጤና ጣቢያው የተሰጠኝ አልቆ፣ አጥቤ መልሼ መጠቀም ከጀመርኩ ሰነበትኩ።

ዛሬም ቅዳሴ የለም። ወገዳ ውስጥ የማውቀው ካቶሊክ እኔው ነኝ። ባ/ዳር ለመውረድ አንድ ሳምንት መኪና አለ ይባላል፣ በሚቀጥለው መንገዱ ተዘግቷል ይባላል። ከፋሲካ ወዲህ አልቆረብኩም።

ትናንት አባ ደወሉ። እኔን እዚህ የላከኝ የቤተ ክርስቲያናችን የሕሙማን አገልግሎት በእሳቸው ሥር ነው። ቁርባን ናፈቀኝ አልኳቸው። በልብሽ ተቀበይ አሉኝ። አባን እወዳቸዋለሁ። ግን የራበውን ሰው በልብህ ብላ ይሉታል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ የተጠረገውን ቤት እንደገና ጠረግኩ።

ከመምጣታችን በፊት ያስተማሩን ትዝ ይለኛል። ከመንበሩ ፊት የተቀበላችሁትን ፍቅር ይዛችሁ ወደ በሽተኛው ቤት ግቡ። እሺ። ካልተቀበልኩስ? ምን ይዤ ልግባ?

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

እማማ አልጣሽ ቤት ውዬ መጣሁ። ማስታወሻዬ፣ ስለ እሳቸው ጽፌልህ አላውቅም፤ ስለሚያናድዱኝ ይሆናል። ከከተማው በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ቤታቸው። በክረምቱ ግራ ጎናቸው በድን ሆኖ ቀረ። ከመተኛት ብዛት ዳሌያቸው ላይ ቁስል ወጣባቸው። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፤ የምታስታምማቸው ምራታቸው ስመኝ ናት።

መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበርን። ሲስተር ይሉኛል፣ እንደማንኛዋም ነርስ። በኋላ አንገቴ ላይ ማተብ እንደሌለ አዩ። ጠየቁኝ፤ ካቶሊክ ነኝ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁስላቸውን አጥባለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ ከእጄ ግን ውኃ እንኳ አይቀበሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ዛሬ እንቁላል ቀቅዬ ይዤ ሄድኩ። ጾም ነው አሉ። ደግሞም ከአንቺ እጅ አልበላም አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ከዚያም ሁለት ጉርሻ ነው። በዚህ ዓይነት ሥጋ አይሞላም! ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? ቁስሉ ጥቅምት ላይ እንደነበረው ነው። ሽታው ልብሴ ላይ አለ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

በሽተኛ ላይ ጮህኩ።

ልወጣ ስል ስመኝ በር ላይ ያዘችኝና ነገሩን ነገረችኝ። አማቷ ከሟች ባላቸው ጋር ቆራቢ ነበሩ። ከታመሙ ወዲህ አልቆረቡም። የሚፈስ ቁስል ይዞ አይቆረብም፤ ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ ቁስሉ እንዲደርቅላቸው ይጾማሉ።

እንግዲህ እየው። ቁስሉ እንዲደርቅ ይጾማሉ፤ ስለሚጾሙ ቁስሉ አይደርቅም። ተመልሼ ገባሁ። በገዛ ራስዎ ላይ ነው የዘጉት አልኳቸው። ፊታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ያኔ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣

«የራብዎት እርስዎ ብቻ አይደሉም! እኔም ከፋሲካ ወዲህ አልቆረብኩም!» አልኩ።

ቀስ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«እናንተም ትቆርባላችሁ እንዴ?»

«እንቆርባለን።»

«ሥጋውን ደሙን?»

«ሥጋውን ደሙን፣ እማማ።»

«ታዲያ አንቺን ማን ከለከለሽ?»

«መንገድ።»

«እኔን ቁስል፣ አንቺን መንገድ» አሉና ውኃ ስጭኝ አሉ። ከእጄ ጠጡ። እንቁላሉን ግን እምቢ፤ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞላ ካልፈቀዱ በቀር።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ቄስ ሞላን አውድማቸው ላይ አገኘኋቸው። ገብስ እየወቁ ነበር። በሬዎቹ እየዞሩ፣ እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ጭድ ላይ ቆሜ ነገሩን አስረዳሁ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ከጉራጌ አልኩ። ማን ላከሽ? አልዋሸሁም። መጀመሪያ ቁስል ታጥባላችሁ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ ታመጣላችሁ አሉኝ። መጽሐፍ የለኝም፣ ያለኝ ፋሻ ነው አልኩ። መልሰው በሬዎቹን ነዱ።

አቀበቱን እያለቀስኩ ወጣሁ። ይሄ ነው ፍቅር? ማንም ያልጠራኝ ቦታ መጥቼ፣ እንደ ሌባ እየታየሁ፣ እንቁላል ብሉ እያልኩ ስለምን።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ሳይጠበቁ መጡ። ቄስ ሞላ። ቁስሉን እያጠብኩ ነበር። አሳዪኝ አሉ። ገለጥኩላቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ለእማማ «በእኔ ይሁን፣ ለመድኃኒት ብለሽ ብዪ» አሏቸው። ለእኔ አንድ ቃል የለም። ወጡ።

እማማ አለቀሱ። በስተርጅና ጾም ሻርሁ አሉ። ቢሆንም አንዲት እንቁላል ከእጄ በሉ፤ እንደ መርዝ እያዩዋት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅ ከነከነኝ። እኔ ስንት ቀን የለመንኩትን እሳቸው ቆመው ባዩት ቅጽበት ሆነላቸው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ሥጋው ሞላ! ቁስሉ ከሥር ቀላ፣ ዳር ዳሩ አዲስ ቆዳ ያዘ። ወተትም ጀምረዋል። ስመኝ በቀን ስንቴ እንደምታገላብጣቸው እኔ አውቃለሁ፤ ወገቧ ተቆርጧል፣ አንድም ቀን አልተማረረችም።

እማማ ቅዳሴያችሁ በምን ቋንቋ ነው አሉኝ። በግዕዝም ነው አልኩ። አላመኑም። እግዚኦታ ጀመርኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ ዜማሽ ተበላሽቷል አሉኝ። ከዚያ በዚያ ደካማ ድምፃቸው አቀኑልኝ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

አባ ደወሉ። ለእሑድ ደ/ታቦር ይመጣሉ! አንድ ምእመን ቤት ይቀድሳሉ። ለቅዳሜ መኪና ተገኝቶልኛል። ነጠላዬን አጠብኩ፤ እየዘፈንኩ።

ከሰዓት በኋላ። ቄስ ሞላ ስመኝን ልከውብኛል። እሑድ ዓመታዊው ገብርኤል ነው። ቁስሉ ከደረቀ እማማን በቃሬዛ አምጧቸው፣ ይቆርባሉ ብለዋል። እማማ ደግሞ ሲስተር ካልመጣች ከቤት አልወጣም ብለዋል። ማን ያስርልኛል፣ መንገድ ላይ ቢፈነዳስ ይላሉ። ትክክል ናቸው። ስመኝ ማሰር አትችልም።

ያው እሑድ። ለምን በአንድ ቀን? ለምን? በየሳምንቱ እሑድ አለ አይደለም እንዴ!

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ጸለይኩ። መልስ የለም። ወይ መልሱን ስለማውቀው ነው።

አባ ጋ ደወልኩ። አልመጣም አልኳቸው፣ ምክንያቱን ነገርኳቸው። ልክ ነሽ ልጄ እንዲሉኝ ነበር የምጠብቀው፤ ለዚያ ነበር የደወልኩት። ሊናገሩ ሲጀምሩ ኔትወርክ ጠፋ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከዚያ ተውኩት።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ከሰዓት

አልሆነም።

ከጎሕ በፊት አሰርኳቸው። ደረቅ ነበር፤ በዐይኔ አይቻለሁ። የቀበሌው የቃሬዛ ማኅበር ሰዎች መጡ፣ ተሸከሙ። እማማ ነጭ ለብሰዋል፤ ሙሽራ ይመስላሉ። ቁልቁለቱ ላይ አንዱ አዳለጠውና ቃሬዛው ድንጋይ መታ። እማማ ጥርሳቸውን ነከሱ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ስንደርስ በጋቢ አስከልዬ ፋሻውን ገለጥኩ። ደም። አዲሱ ቆዳ ተሰንጥቋል።

ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። አዲስ ፋሻ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደራርቤ ባስርበት ማንም አያውቅም። ላደርገው ነበር፤ ለአንተ አልደብቅም። እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ደረቅ ነው?» አሉኝ። የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው። ሊቀበሉት የሚሄዱትን ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ። በውሸት አይበላም።

«አይደለም፣ እማማ» አልኩ።

ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ቄስ ሞላ ወጡ፣ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ፈነዳሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ «ለታመመ ካልሆነ ለማን ነው ታዲያ?» ብዬ ጮህኩባቸው። አንዳንዱ ሊያስወጣኝ ተነሳ። ቄስ ሞላ እጃቸውን አንስተው አስቆሙትና፣

«ስመልሳት ደስ ያለኝ መሰለሽ?» አሉኝ። ዐይናቸው ቀልቷል። «ሕጉ የእኔ አይደለም፣ ልጄ። የእኔ ቢሆን ዛሬ እፈታው ነበር።»

ልጄ አሉኝ። ቢሆንም አልበረደልኝም።

እማማን ግን በዚያ መንገድ አልመለሷቸውም። የቄስ ሞላ ቤት ከቅጥሩ አጠገብ ነው። እስከሚመጣው እሑድ እኔ ዘንድ ትተኛለች አሉ፤ ከዚያ ቃሬዛ አያስፈልግም፣ በአልጋ ልብስ ይዘን እንገባለን። እስቲ እናያለን።

አሁን ደ/ታቦር ቅዳሴው አልቋል። አባ መኪና ውስጥ ናቸው። እዚያም የለሁ፣ እዚህም አልሆነ።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

በየቀኑ ቄስ ሞላ ቤት እየሄድኩ ነው። ባለቤታቸው ውኃ ታሞቅልኛለች፤ ምስር ሳልበላ አትለቀኝም። እሳቸው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ዛሬ ስለ ሃይማኖት ጠየቁኝ፤ ስለ ባሕርይ፣ ስለ ጉባኤ፣ እኔ በቅጡ የማልመልሰውን። ተከራከርን። እኔም ግግም፣ እሳቸውም ግግም። እማማ ከአልጋቸው «ቁስሌን እሰሩልኝና ትጣላላችሁ» አሉን።

ደክሞኛል። የጸሎት መጽሐፌን ስከፍት እንቅልፍ ይወስደኛል። ቆዳው ግን እየያዘ ነው።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ደረቅ። ቄስ ሞላ ራሳቸው አይተው አረጋገጡ።

በወፍራም ብርድ ልብስ አራት ሆነው ይዘዋቸው ገቡ። ስመኝ ከኋላቸው። እኔ ከወይራው ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ ማንም ውጪ አላለኝም፣ ግቢም አላለኝም። ቅዳሴውን ከውጭ ሰማሁት። የማውቀው ቅዳሴ ነው። ሕዝቡ ሲመልስ አፌ አብሮ ይመልሳል።

ሲያወጧቸው አፋቸው በነጠላቸው ተሸፍኗል። መናገር የለም። ዐይናቸው ብቻ። በደህናው እጃቸው አንጓዬን ያዙ፤ ቤት እስኪገቡ አልለቀቁኝም።

አለቀስኩ። ስመኝ በደስታ መሰላት፣ አቀፈችኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ግማሹ ቅናት ነበር። እሳቸው ጠገቡ። እኔ ቆሜ አየሁ። ይህን ሁሉ ደክሜ ለአንድ ሰው ማዕዱን አቀረብኩ፣ እኔ ግን ሳልቀምስ ተመለስኩ። ምናልባት አገልግሎት የሚሉት ይህንን ይሆናል። ከሆነም ማንም እንደዚህ እንደሚያምም አልነገረኝም።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰ.

መንገዱ ተከፍቷል። ነገ ጠዋት ለባ/ዳር መኪና አለ። አባ ለገና ነይ፣ ትንሽ ዕረፊ፣ ካልቻልሽ ሌላ ሰው እንልካለን አሉኝ። ሌላ ሰው ሲሉ ደነገጥኩ። እመለሳለሁ አልኩ፤ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። አሁን ግን አስቤበታለሁ። ቆርቤ እመለሳለሁ። ከጥምቀት በፊት።

ዕቃዬን ሸክፌ ስጨርስ ቄስ ሞላ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እዚህ ድረስ መጥተው አያውቁም። አልቀመጥም አሉ። ከወንዙ ማዶ አንድ ሌላ የንስሐ ልጅ አላቸው፤ ከዛፍ ወድቆ ከተኛ ቆይቷል። ጀርባው ላይ ቁስል ወጥቷል። ሚስቱ ጥላው ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች። ለመናገር እንደከበዳቸው ያስታውቃል።

«መንገደኛ መሆንሽን ሰምቻለሁ» አሉ። «ስትመለሺ ብታዪልኝ ብዬ ነው።»

ሽታው ምን ይመስላል አልኳቸው። ነገሩኝ። እስክመለስ የሚቆይ ሽታ አይደለም።

ለሾፌሩ ደወልኩ። ብዙ አልጠብቅም አለ። ጎሕ ሲቀድ ወንዙን እሻገራለሁ፤ ቄስ ሞላ መንገድ ሊያሳዩኝ ተስማምተናል። አጥቤ፣ አስሬ፣ ሮጬ መኪናው ላይ እደርሳለሁ። መቁረብ እፈልጋለሁ፣ ማስታወሻዬ፣ በጣም እፈልጋለሁ። እደርሳለሁ። ካልደረስኩ ደግሞ ቁስሉ ታጥቧል፤ እኔ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ።