ኮቱ፣ ኮቱ

ሰኞ

አሁንም ማህተሙ አልለቀቀም! ከሰዓት ሙሉ ስቆርጥ ስቀጥል የዋልኩትን ቪዲዮ አውጥቼ ሳየው ሐዊ ግንባር ላይ የሶፍትዌሩ ስም በትልቁ ተለጥፏል። ይጥፋልኝ ካልኩ ክፈል ይላል። ነፃ ነኝ ያለኝ ራሱ አልነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ሐዊ ለእናቷ ዘፈን ሠርታለች፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ። የአባባ፣ የአባቷ ማለቴ ነው፣ ሙት ዓመታቸው ከወጣ ቆየ፤ እማማ ግን ጮሌ ካለው ቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። አሰላ እኛ ጋ ይምጡና ትንሽ ይሰንብቱ ብንላቸው ሰበብ አያጡም። ላሟ፣ ገብሱ፣ ጎረቤቷ። ሐዊ ሲጨንቃት "ስለምናት እንቢ ካለች ስዘፍንላት ትሰማኝ ይሆናል" አለች። ቪዲዮውን እኔ እሠራለሁ አልኩ። ማን አስገደደኝ?

ማክሰኞ

የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር ሌላ ሶፍትዌር በፍላሽ ሰጠኝ። የሲኒማ ሰዎች የሚሠሩበት ነው፣ ማህተም የለውም አለ። እውነቱን ነው፣ የለውም። ላፕቶፔን ግን ሊገድልብኝ ነበር። እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ምስሉ ቀጥ አለ፣ ሐዊ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አይታ ተቆጣችኝ፤ እኔ የከፈትኩት ይመስል። ዝሆኑ ብዬ ስም አወጣሁለትና አጠፋሁት።

ቀረጻው ግን አምሮልኛል። የአባባን ኮት ለብሼ ወጣሁ። ቡናማ የሱፍ ኮት ነው፤ ከለቅሶው በኋላ እማማ "ለአንተ ይሁን" ብለው ሰጡኝ። እጅጌው ስለሚያጥረኝ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነው የከረመው። ቅር እንዳይላቸው አልነገርኳቸውም። ኮቱን የመረጥኩት በዘፈኑ ምክንያት ነው።

ብርዱ ጠነከረ፣ ቤቱም ሰው ናፈቀው፣
አዮ ኮቱ፣ አዮ ኮቱ።

እነሐዊ እናታቸውን አዮ ነው የሚሏቸው። እናቴ፣ ኮቱ! ሰውን በኮቱ ማስታወስ... ስሰማው እንባዬ መጣ። ስለዚህ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፌ በገብሱ ማሳ ዳር ኮቱን ለብሼ ተራመድኩ። ከዚያ ኮቱን አጥር ላይ ሰቅዬ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ቀረጽኩ። ከዚያ ቁልፎቹን ከቅርብ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ ሲያየኝ ቆየ። አብዷል ሳይለኝ አይቀርም።

ረቡዕ

መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። የተማሪዎች ፈተና አረምኩ። ዘፈኑን ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ሐሙስ

ተሳካ! ሦስተኛው ሶፍትዌር ነው። መልኩ አያምርም፤ ሁሉ ነገሩ ግራጫ ነው። ግን ማህተም የለው፣ ክፈል አይል፣ ላፕቶፑንም አያስጮኸው። ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ድምፁን ከከንፈሯ ጋር ያገጣጥምልኛል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ርዕሱን በአማርኛ ስጽፍ ብቻ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን እየሆኑ አስቸገሩኝ። ፎንቱን ስቀይር ስቀይር በመጨረሻ ወጣ። በነጭ፣ በትልቁ፦ የአባባ ኮት።

ሐዊን ጠራኋት።

"የአባባ ኮት ምንድን ነው?" አለች።

የዘፈንሽ ስም ነዋ፣ አልኳት። ኮቱ፣ ኮቱ ትዪ የለ?

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ነይ እኮ ነው! ኮቱ በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው! አዮ፣ ነይ ነው የምላት!"

ቃሉን አውቀዋለሁ እኮ! የባጃጅ ሾፌሮቹ በየቀኑ ኮቱ እያሉ ይጠሩኛል፣ እኔም ሄጄ እሳፈራለሁ። የቀረው ዘፈን አማርኛ ስለሆነ ጆሮዬ ይሄንንም አማርኛ አደረገው። አሰላ ስኖር ሁለት ዓመቴ ነው! አፈርኩ።

ኮቱን ከቪዲዮው ቆርጬ ላውጣው? አልኳት። ሳቋ እየበረደ እንደገና ከፍታ አየችው። ነፋሱ ኮቱን ሲያወዛውዘው ፊቷ ተለወጠ። "ተወው" አለች። ርዕሱን ብቻ አጠፋሁት።

ዓርብ

ጠዋት በቴሌግራም ለእማማ ላክነው። አይተውታል፤ ምልክቱ ይናገራል። መልስ የለም። ሐዊ ከሥራ ቦታዋ እየደወለች "ምን አለች?" ትለኛለች። ለእኔ ምን ሊሉ? ለነይ ጥሪ የሞተ ሰው ኮት ይላካል? ሐዘናቸውን ቀሰቀስኩባቸው፤ ከእንግዲህ ጭራሽ አይመጡም እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ ደወሉ። ለሐዊ አይደለም፣ ለእኔ!

"አንተ ልጅ፣ እጅጌው አጥሮህ ኖሯል እንዴ?"

ትንሽ ነው እማማ፣ ምንም አይል፣ አልኩ።

"ምን ትንሽ ነው! ክንድህ ብርድ ላይ ወጥቶ እያየሁት! ለእሱ ብዬ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ ትርፉ ታጥፎ ውስጥ አለ። ልብስ ሰፊ ጋ እንዳትወስደው፣ ያበላሸዋል። ነገ መጥቼ እኔው አስረዝመዋለሁ።"

ስልኩን እንደዘጋሁ ኮቱን ከበሩ ኋላ አወረድኩት።

ቅዳሜ

እማማ ከመንገድ ሮቤን አልፈናል ብለው ደውለዋል። ሐዊ ስልኩን ተቀብላኝ "ዘፈኑንስ ሰማሽው?" አለቻቸው። "መርፌ አላችሁ?" አሉ። ስለ ዘፈኑ እስካሁን ትንፍሽ አላሉም። የሚመጡት ለእጅጌው ነው። ይሁን! ለምንም ይምጡ።

መርፌ አለን። ክሩ ነጭ ብቻ ስለሆነ ቡናማ ልገዛ እየወጣሁ ነው፤ በዚያው መናኸሪያ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። ሐዊ ቁም ሣጥኑን ገልብጣ ሌላ የሚጠገን ልብስ እየፈለገች ነው። እስካሁን ሁለት ሱሪና አንድ ቀሚስ አግኝታለች። ደህና የነበረውን ጃኬቴን ደግሞ ቁልፉን ስትበጥስ አየኋት፤ እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ።